ደቦ ከመጥራት በፊት

በመሥሪያ ቤት ውስጥ የማይዘገይ ነገር ቢኖር «ምነው ዘገየ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሰርቪስ ይዘገያል፣ ጥቅማ ጥቅም ይዘገያል፣ ስብሰባ እንኳ ሰብሳቢው እስኪመጣ ይዘገያል፤ ይህ ጥያቄ ግን ሰዓቱን ጠብቆ ከች ይላል። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ይብስበታል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ከሐምሌ ጀምሮ ማንም ዞር ብሎ ያላያቸው ሪፖርቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉም «አስቸኳይ» የሚል ማዕረግ ያገኛሉ። ሒሳብ ክፍል የዓመቱን ወጪ በየቅርንጫፉና በየወሩ ተደርድሮ ይፈልጋል። ዕቅድ ክፍል ያንኑ ሪፖርት ከታች ወደ ላይ ተገልብጦ ይፈልጋል። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም ይፈልጋሉ፤ ያውም ከስብሰባ በፊት።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ቁልፉን ይጫኑና ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ነገር መሽከርከር ትጀምራለች። ያኔ የማይመክር የለም። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ «ልጄ፣ ይኼ ነገር ዛሬ ይወጣል ወይስ ለቁልቢ ንግሥ ነው?» ይላሉ። ንብረት ክፍሉ ቫይረስ ነው ይላል። የበሩ ጥበቃ ጋሼ ሳይቀሩ «አጥፍታችሁ አብሩት» ይላሉ፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ምክር ጉዳት የሌለው የእሳቸው ነው። በመጨረሻ ግን አገር የተስማማበት መድኃኒት ይታዘዛል፦ «ራም ይጨመርበት!» የተረፈ በጀት ካለ ደግሞ ሳይመለስ ይገዛበታል። እንዲህ ሆኖ 16 ጊጋባይት የነበረው ሰርቨር 32 ይሆናል። ሪፖርቱ ግን እንደ ድሮው ይዘገያል። ይህን ጊዜ ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ ያያል።

እኔ እንጀራዬ ዳታቤዝ ነው። የምንጠቀመው ፖስትግሬስ የሚባለውን ነው። ትውልዱ አሜሪካ፣ በርክሊ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ፕሮፌሰር ማይክል ስቶንብሬከር እ.ኤ.አ. በ1986 ከጀመሩት የምርምር ሥራ የመጣ ነው። በነጻ ስለሚገኝ ግዥ ክፍል ይወደዋል፤ ጠባዩን የሚያውቀው ግን አብሮት ያደረ ብቻ ነው። ከጠባዮቹ አንዱ ይሉኝታው ነው። የፈለገ ግዙፍ ሰርቨር ላይ ጫኑት፣ ካልነገሩት በቀር ለጋራ ማኅደረ ትውስታው 128 ሜጋባይት፣ ለአንድ የመደርደር ሥራ ደግሞ 4 ሜጋባይት ብቻ ይዞ ጥጉን ይቀመጣል። «ብላ» እስኪባል አይነካም። ስለዚህ የተገዛው ራም ውስጥ ገብቶ ሊያይ የሚችለው ቅንብሩን የነካለት ሰው ሲኖር ነው።

ቅንብሩ ውስጥ ብዙ ቁጥር አለ፤ ጠብ የሚያነሡት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። የጋራውን የሚወስነው «ሼርድ በፈርስ» ይባላል። ለእሱ የታወቀ ልክ አለው፤ ሰርቨሩ ለዳታቤዝ ብቻ ከተመደበ ከጠቅላላው ራም ሩብ ያህሉን ስጡት፣ ከ40 በመቶ በላይ ብትሰጡት ግን ይህ ነው የሚባል ትርፍ አታገኙም ይላል የራሱ የፖስትግሬስ መመሪያ። ምክንያቱም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም በበኩሉ ፋይል ያስታውሳል። ከ32 ጊጋባይት 8 ሰጥተን በሰላም እንለያያለን። ሰው የሚያከራክረው ሁለተኛው ነው፤ «ዎርክ ሜም» ይሉታል። ዳታቤዙ አንድን ነገር ሲደረድር ወይም ሁለት ሠንጠረዥ ሲያገናኝ የሚይዘው የሥራ ቦታ ልኩ ይህ ነው። ያቺ 4 ሜጋባይት ማለት እሱ ናት።

4 ሜጋባይት ሲያንስ ምን እንደሚሆን ማየት ለፈለገ፣ ሪፖርቱ ዳታቤዙን ከሚጠይቅበት ትእዛዝ፣ ከኩዌሪው ፊት «ኤክስፕሌይን አናላይዝ» ብሎ ማስኬድ ነው። ፖስትግሬስ አንድ በአንድ የሠራውን ይናዘዛል። ከኑዛዜው መካከል «ሶርት ሜተድ፦ ኤክስተርናል መርጅ፣ ዲስክ» የሚል መስመር ካገኛችሁ፣ ያ ሥራ በተሰጠው ቦታ አልበቃ ብሎት ዲስክ ላይ እየጻፈ፣ እንደገና እያነበበ፣ ቁርጥራጩን እየገጣጠመ ነው የደረደረው። ያቺ ክብ ነገር የምትሽከረከረው ለዚህ ነው። ቦታው ሲበቃው መስመሩ «ኩዊክሶርት፣ ሜሞሪ» ይላል። ሠንጠረዥ ሲያገናኝ ደግሞ «ባችስ» የምትለውን ቁጥር ማየት ነው። 1 ከሆነች ሰላም ነው፤ 16 ከሆነች ሥራውን 16 ቦታ ከፋፍሎ ከዲስክ ጋር ሲመላለስ ውሏል ማለት ነው። አንድ ወጥመድም አለ፦ ዲስክ ላይ 300 ሜጋባይት ጻፍኩ ስላለ 300 ሜጋባይት ብትሰጡት አይበቃውም። ያው መረጃ ራም ውስጥ ሲቀመጥ ዲስክ ላይ ከተቀመጠው የበለጠ ቦታ ይይዛል።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? 4ቱን 256 አድርጎ መገላገል አይደለም እንዴ? ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። 256 ሜጋባይት ከ32 ጊጋባይት ጎን ሲታይ ምንም አይመስልም። እዚህ ላይ ነው ሌላኛው ጉድ የሚመጣው፦ ረዳቶቹ።

ፖስትግሬስ ለረጅም ዘመን አንድን ኩዌሪ በአንድ ፕሮሰስ ብቻ ነበር የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ስሪት 9.6 አንዱን ኩዌሪ ለብዙ ረዳት ማካፈልን ይዞ መጣ። ሠሪዎቹ ግን ጠንቃቆች ነበሩና ተዘግቶ እንዲመጣ አደረጉት፤ የረዳቱ ቁጥር ዜሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ስሪት 10 ላይ ሁለት ረዳት ፈቀዱ። ነገሩ በእኛ አገር አዲስ አይደለም፤ ደቦ ነው። ባለማሳው ብቻውን ቢያጭድ ሳምንት የሚፈጅበትን ጤፍ ጎረቤት ጠርቶ በአንድ ቀን ያነሣዋል። እዚህም ባለማሳ አለ፤ ሥራውን አከፋፍሎ፣ እሱም አብሮ አጭዶ፣ በመጨረሻ ነዶውን የሚሰበስበው ዋናው ፕሮሰስ ነው። ስለዚህ አራት ረዳት ከጠራችሁ አጫጆቹ አምስት ናቸው።

ደቦ የጠራ ሰው የሚያውቀውን ግን ቅንብር የሚነካ ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። ደቦ ነጻ አይደለም። እንጀራውም ጠላውም የባለማሳው ነው፤ የመጣው ሁሉ ደግሞ ሙሉ ሰው ሆኖ ነው የሚበላው። የባለቤቱን አንድ ትሪ አምስት ቦታ አይካፈሉም፤ ለእያንዳንዱ የየራሱ ይቀርባል። ዎርክ ሜምም እንዲሁ ነው። ያ 256 ለሰርቨሩ አይደለም፣ ለተጠቃሚውም አይደለም፣ ለኩዌሪውም አይደለም። ለእያንዳንዱ ረዳት፣ ለዚያውም ረዳቱ ለሚሠራው ለእያንዳንዱ የመደርደርና የማገናኘት ሥራ ነው። በዚህ ላይ ሃሽ በሚባለው ዘዴ ለሚሠራ ሥራ ማባዣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በስሪት 13 ላይ ሲገባ 1 ነበር፤ በ2022 በስሪት 15 ላይ 2 ሆነ። ስለዚህ 256 ብላችሁ የጻፋችሁት ለሃሽ ሲሆን 512 ነው።

እስቲ የሒሳብ ክፍሏን ሪፖርት ይዘን እናስላ። በሪፖርቱ ውስጥ አንድ መደርደር፣ አንድ በሃሽ ማገናኘት፣ አንድ በሃሽ መደመር አለ እንበል። ለአንድ ሠራተኛ 256 ሲደመር 512 ሲደመር 512፣ ማለትም እስከ 1,280 ሜጋባይት ይሆናል። አምስቱ ሲሠሩ እስከ 6,400 ሜጋባይት፣ ወይም 6.25 ጊጋባይት። ይህ የአንድ ሰው ሪፖርት ነው። ሒሳብ፣ ዕቅድ፣ ኦዲትና ሥራ አስኪያጁ አራት ሆነው በአንድ ጊዜ ቁልፉን ከተጫኑ፣ የረዳቶቹ ጠቅላላ ጣሪያም 16 እንዲሆን ተፈቅዶ ከሆነ፣ እስከ 25 ጊጋባይት ድረስ ሊበሉ ይችላሉ። ለጋራው የሰጠነው 8 ሲጨመርበት 33 ይሆናል። ሰርቨሩ ያለው 32 ነው! ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ገና አልበላም፤ ዳር ቆመው ወረፋ የሚጠብቁት ተራ ተጠቃሚዎችም አልተቆጠሩም። በጥንቷ 4 ሜጋባይት ቢሆን ኖሮ ያው አራት ሰው፣ ያው ረዳት ሁሉ ተደምሮ ጣሪያው 400 ሜጋባይት ብቻ ነበር።

ሁልጊዜ ጣሪያው ይነካል ማለት አይደለም። ብዙ ቀን ማንም ጣሪያውን ሳይነካ ይውላል፤ ለዚህም ነው ቅንብሩን የነካው ሰው ለሦስት ወር ሲመሰገን የሚከርመው። ነገሩ የሚፈነዳው ሰኔና ሰኞ የገጠሙ ዕለት ነው። ራም ሲያልቅ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሊኑክስ ዝም ብሎ አያይም፤ ብዙ የያዘውን ፕሮሰስ መርጦ ይገድላል። አንድ ረዳት ሞተ እንበል። ፖስትግሬስ ደግሞ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ሞት ሲያይ የጋራው ማኅደረ ትውስታ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል። ጥርጣሬው ትክክል ነው፤ መረጃ ከሚበላሽ ሁሉም ቢቋረጥ ይሻላል። ስለዚህ የተገናኘውን ሁሉ አሰናብቶ፣ እያገገምኩ ነው ብሎ እንደገና ይነሣል። በአንዱ የሥራ ክፍል ሪፖርት ጦስ ደረሰኝ የሚቆርጠውም፣ ደንበኛ የሚመዘግበውም፣ ደመወዝ የሚያዘጋጀውም አብሮ ይወድቃል። መስኮቱ ጋ የቆሙት እናት «ሲስተም የለም» ይባላሉ። እሳቸው ምን ያውቃሉ? ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰው ሪፖርት ከታች ወደ ላይ ሲያስገለብጥ ነው እኮ ቀናቸው የተበላሸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

ሌሎቹ ዳታቤዞች ይህን በየፊናቸው ይዘውታል። የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ኩዌሪው ሳይጀምር ምን ያህል እንደሚበላ ገምቶ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ቦታ ከሌለ ወረፋ ያስይዘዋል። የተፈቀደውንም ለረዳቶቹ እኩል ያካፍላል እንጂ አያባዛም። ለአንዱ ብዙ ሥራ ከደረሰውና ድርሻው ካላነሣው ዲስክ ላይ ይጽፋል፤ ጎረቤቱ የተረፈው ቢኖርም አያበድረውም። ኦራክል ደግሞ ከ12ሲ ጀምሮ ለሁሉም በአንድ ላይ የማይታለፍ ጣሪያ ማበጀት ይቻልበታል። ፖስትግሬስ እንዲህ ያለ ጠቅላላ ጣሪያ የለውም። ማባዛቱን ለሰው ትቶታል። ሰው ደግሞ ማባዛት ከሦስተኛ ክፍል በኋላ የቀረ ነገር ይመስለዋል።

ሰው የሚያውቀው መቅዳት ነው። አንዱ ከኢንተርኔት ላይ «ፈጣን ቅንብር» የሚል ያገኛል፤ የማን ሰርቨር እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት ሳይጠይቅ እንዳለ ይለጥፈዋል። ከተለጠፉት መካከል ሁልጊዜ የማይጠፋ «ኢፌክቲቭ ካሽ ሳይዝ» የሚባል አለ። 24 ጊጋባይት ብለው ጽፈው፣ «ይኸው ማኅደረ ትውስታውን ጨመርኩላችሁ» ብለው ደረታቸውን ነፍተው የሚሄዱ አሉ። ይህ ቅንብር ግን አንዲት ባይት እንኳ አይይዝም። ኩዌሪው በምን መንገድ እንደሚሠራ ለሚወስነው ለፖስትግሬስ ዕቅድ አውጪ «ይህን ያህል መረጃ ራም ላይ ሊገኝ ይችላል» ብሎ ግምት መንገር ብቻ ነው ሥራው። ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም፤ ዕቅዱን ያቃናል። በዓመት ዕቅድ ላይ «ይጠናከራል» የሚል መስመር ሰፍሮ ሳንቲም እንደማይመደብለት ሁሉ ከግምት ያለፈ ነገር ግን አይጠብቁበት።

ሌላው «ረዳት ሲበዛ ይፈጥናል» የሚለው እምነት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እየተባልን ስላደግን አይፈረድብንም። ፖስትግሬስ ግን ሠንጠረዡን አይቶ ነው የሚጠራው። ከ8 ሜጋባይት ላነሰ ሠንጠረዥ ደቦ አይጠራም። 8 ሲሞላ አንድ ረዳት፣ 24 ሲሞላ ሁለት፣ 72 ሲሞላ ሦስት፣ 216 ሲሞላ አራት እያለ፣ በሦስት በተባዛ ቁጥር አንድ ይጨምራል፤ የፈቀዳችሁለት ጣሪያ ድረስ። ከዚያም ጠርቶ ላይመጡለት ይችላሉ። በኑዛዜው ላይ «የታቀዱ ረዳቶች 4፣ የተነሡ 0» የሚል ታገኛላችሁ። ለጠቅላላው ሰርቨር የተመደቡት ረዳቶች 8 ከሆኑና ሁለት ሪፖርት አራት አራቱን ከወሰዳቸው፣ ሦስተኛው ሰው ደቦ ጠርቶ ብቻውን ያጭዳል። ስህተት ተብሎ እንኳ አይነገረውም። ትናንት በሁለት ደቂቃ ያለቀው ሪፖርት ዛሬ ስምንት ከፈጀ፣ ቫይረስ ከማለት በፊት ይህችን መስመር ማየት ነው።

ሁሉም ቢመጡስ? ጂን አምዳል የተባሉ የኮምፒውተር መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1967 ያስተማሩት ነገር አለ። ከሥራው አንድ አሥረኛው ሊካፈል የማይችል ከሆነ፣ ሺህ ረዳት ብታመጡም ሥራው ከአሥር እጥፍ በላይ አይፈጥንም። ምክንያቱም ያቺ አንድ አሥረኛ ያው በአንድ እጅ ነው የምትሠራው። ስለዚህ ረዳት ሲበዛ ፍጥነቱ እየቀነሰ ይጨምራል፤ የሚበሉት ግን ሳይቀንስ ይጨምራል። አራተኛው ረዳት ያመጣው ፍጥነት ጥቂት ሆኖ፣ የወሰደው ራም ከመጀመሪያው ረዳት እኩል ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ራም ሞልቶ ተርፎ «ቦታ የለም» ይባላል። ዳታቤዙን ዶከር በሚባለው ኮንቴነር ውስጥ የሚያስኬዱ ልጆች ይህን ያውቁታል። ሰርቨሩ 64 ጊጋባይት ራም አለው፤ ዲስኩም ባዶ ነው። ሪፖርቱ ግን የጋራ ማኅደረ ትውስታ ማስፋት አልቻልኩም፣ ቦታ የለም ብሎ ይወድቃል። ልጁ ዲስኩን ያጸዳል፣ ፎቶ ሳይቀር ይሰርዛል፣ ለውጥ የለም። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ረዳቶቹ የጋራ የሃሽ ሠንጠረዥ የሚሠሩበትን ቦታ ዶከር ካልተነገረው በቀር 64 ሜጋባይት ብቻ ነው የሚፈቅድለት። አንድ ሺህ እጥፍ ያነሰ ቦታ መሆኑ ነው። ኮንቴነሩ ሲነሣ «ኤስኤችኤም ሳይዝ» የሚለውን ከፍ አድርጎ ማስነሣት ብቻ ነው መፍትሔው።

መቼም ካወሩ አይቀር መድኃኒቱንም መናገር ነው። የጠቅላላውን ዎርክ ሜም ዝቅ አድርጎ መያዝ ይሻላል፤ ደረሰኝ የሚቆርጥ ሰው 256 ሜጋባይት ምን ያደርግለታል? ብዙ የሚፈልገው ሪፖርቱ ከሆነ ለሪፖርቱ ብቻ መስጠት ነው። በትራንዛክሽኑ ውስጥ «ሴት ሎካል» ብሎ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ሥራው ሲያልቅ ቁጥሩ ራሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ወይም ለሪፖርት አንድ የተለየ ተጠቃሚ ከፍቶ ቅንብሩን በእሱ ስም ማሰር ነው፤ ለዚያ ተጠቃሚ ስንት ግንኙነት እንደሚፈቀድለትም አብሮ መወሰን። ዲስክ ላይ የሚጽፈው የቱ ኩዌሪ እንደሆነ ለማወቅ «ሎግ ቴምፕ ፋይልስ» የሚለውን መክፈት ነው፤ በሐሜት ከመሄድ በመዝገብ መሄድ ይሻላል። ሁለተኛ ሰርቨር ካለም ሪፖርቱን ወደ ቅጂው ዳታቤዝ መውሰድ፣ መስኮቱ ጋ ያሉትን እናት መገላገል ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ሪፖርቱን ማየት ነው። አንድ ጊዜ ኃላፊዋን፣ «እትዬ፣ ይኼ ሁሉ መስመር ለምን ይደረደራል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እኔ የማየው የመጀመሪያውን ገጽ ነው» አሉኝ። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ እንዲያመጣ ገደብ ሲጨመርለት፣ ቀኑ ላይም ኢንዴክስ ሲሠራለት፣ ረዳትም ተጨማሪ ራምም ሳይጠራ ሻይ ሳይቀርብ ደረሰ። የማይፈለግ ነገርን በፍጥነት ለመደርደር ደቦ መጥራት የሰውም የማሽንም ድካም ነው።

እናም ቅንብር ፋይል የከፈታችሁ ወገኖቼ፣ ቁጥሩን ከመለወጣችሁ በፊት ወረቀት አውጡ። አንዱ ሠራተኛ የሚበላውን በሠራተኛው ቁጥር፣ የሠራተኛውን በሪፖርቱ፣ የሪፖርቱን በሰዉ ቁጥር አባዙ። ለጋራው የሰጣችሁትን ደምሩበት። ውጤቱ ካላችሁ ራም ከበለጠ አትንኩት፤ ቀኑ ይቆይ እንጂ ሰርቨሩ መውደቁ አይቀርም።